በጨለማ የተሰቀለ ከበሮ፦ የፊዚክስ ሊቃውንት “ክሮስ ሴክሽን” የሚሉት ምንድን ነው?

ድቅድቅ ባለ ጨለማ ውስጥ ቆማችኋል እንበል። ፊት ለፊታችሁ ትልቅ ግድግዳ አለ። ቁመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱም 10 ሜትር ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ቦታ ከበሮ ተሰቅሏል። የት እንደተሰቀለ አታውቁም። ትልቅ ይሁን ትንሽ አታውቁም። መብራት የለም፤ ቀርቦ መዳሰስም አይቻልም። በእጃችሁ ያለው አንድ ጆንያ ጠጠር ብቻ ነው። የከበሮውን ስፋት ለኩ ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ?

ጠጠሩን መወርወር ነዋ! 1,000 ጠጠር ትወረውራላችሁ። አታነጣጥሩም፤ ግድግዳውን በሙሉ እኩል እንዲያዳርስ ትበትኑታላችሁ። ግድግዳውን የመታው “ጠቅ” ይላል። ከበሮውን የመታው “ድም” ይላል። ስትቆጥሩ 5 “ድም” ሰማችሁ። ከ1,000 ጠጠር 5 መታ ማለት ከ200 አንዱ መታ ማለት ነው። ስለዚህ ከበሮው የያዘው ግድግዳው ለ200 እኩል ቢከፈል አንዱን እጅ ነው። ግድግዳው 100 ካሬ ሜትር ስለሆነ የከበሮው ስፋት ግማሽ ካሬ ሜትር ሆነ። ሳታዩት፣ ሳትነኩት ለካችሁት።

የአቶምን ውስጥ የሚያጠኑ ሰዎች ሁሌም የሚሠሩት በዚህ ዓይነት ጨለማ ውስጥ ነው። የአቶም እምብርት የሆነው ኒውክሊየስ በዓይን አይታይም፤ ተራ ማይክሮስኮፕም አያሳየውም። የሚቻለው ሌላ ቅንጣት መወርወር ነው። ስንት እንደተወረወረ ይቆጠራል። ስንቱ “ድም” እንዳለ ይቆጠራል። ከሁለቱ ቆጠራዎች አንድ ስፋት ይወጣል። ያ ስፋት ክሮስ ሴክሽን ይባላል። በቀመር ውስጥ ሲግማ በተባለው የግሪክ ፊደል ይወከላል።

ስሙ ግን ትንሽ ያሳስታል። ክሮስ ሴክሽን ሲባል የግንባታ ባለሙያ ወዲያው የሚያስበው የተቆረጠ ነገርን ነው። ሽንኩርት ለሁለት ስንከፍል የሚታየን ክብ፣ ወይም የአንድ ምሰሶ ቁራጭ። እዚህ ግን የሚቆረጥ ነገር የለም። እኔ “የዒላማ ስፋት” ቢባል እመርጣለሁ። ለሚመጣው ቅንጣት ፊቱን የሰጠው ዒላማ ምን ያህል ሰፊ ነው? ጥያቄው ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ሁለቱንም ስሞች እያቀያየርኩ እጠቀማለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ጠጠሮች የተወረወሩት እንግሊዝ አገር፣ ማንቸስተር ውስጥ ነው። በ1909 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሃንስ ጋይገርና ኧርነስት ማርስደን በኧርነስት ራዘርፎርድ ቤተ ሙከራ ይሠሩ ነበር። አልፋ የተባሉ ቅንጣቶችን በስስ የብረት ቅጠሎች ላይ ይለቃሉ፤ ከብረቶቹ አንዱ ወርቅ ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም ቅንጣቶች ምንም እንዳልነካቸው ያልፋሉ። ከ8,000 ገደማ አንዱ ግን ወደመጣበት ይመለሳል። ራዘርፎርድ ይህን “ድም” ይዞ ሲያሰላ ቆየና በ1911 መልሱን አወጣ። የአቶሙ ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ መሃል ላይ ባለች አንዲት ነጥብ ውስጥ ታጭቋል። የነጥቧ ወርድ ከአቶሙ ወርድ ከ10,000 ጊዜ በላይ ያንሳል። ኒውክሊየስ የተገኘው እንዲህ ነው። ማንም አላየውም፤ ተቆጠረ እንጂ።

ራዘርፎርድ የተጠቀመው በ“ስንት መታ?” ብቻ አይደለም። “ወደየት ነጠረ?” የሚለውንም ጠይቋል። በዚህ አቅጣጫ ስንት፣ በዚያኛው ስንት እያሉ ለየብቻ መቁጠር ይቻላል። ጠጠሩ የነጠረበት አቅጣጫ ስለ ከበሮው ብዙ ይናገራል፤ ክብ ነው ወይ፣ የሚገፋው ኃይል ምን ዓይነት ነው፣ ውስጡ ጠንካራ ፍሬ አለው ወይ። እንዲህ በአቅጣጫ የተከፋፈለው የዒላማ ስፋት ዛሬም የዘርፉ የዕለት እንጀራ ነው።

አሁን ወደ መለኪያው እንምጣ። የአንድ ትልቅ ኒውክሊየስ ፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር ቢጻፍ፣ ከነጥብ በኋላ 23 ዜሮ ተደርድሮ መጨረሻ ላይ 1 ወይም 2 ይመጣል። ይህን በየቀኑ መጻፍ ያሰለቻል። በዲሴምበር 1942 አሜሪካ ውስጥ፣ ኢንዲያና በሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ፣ ማርሻል ሆሎዌይና ቻርልስ ቤከር የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት ማዕድ ላይ ሆነው ለዚህ ስፋት ስም ይፈልጉ ነበር። በታላላቅ ሰዎች ስም እንሰይመው አሉ። “ኦፐንሃይመር” ረዘመባቸው። “ቤተ” የተባለው የሃንስ ቤተ ስም ደግሞ ከግሪኩ ፊደል ከቤታ ጋር ይምታታል። በመጨረሻ “ባርን” አሉት። 1 ባርን ማለት ከነጥብ በኋላ 23 ዜሮ ተደርድሮ 1 የሚመጣበት ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው።

ባርን የአሜሪካ ገበሬ ድርቆሹንና ከብቱን የሚያስገባበት ትልቅ ቤት ነው። ጎተራ ብንለው ይቀርባል፤ የእኛ ጎተራ ግን ከእሱ በጣም ያንሳል። እዚያ አገር ተኩሶ የማይሳካለትን ሰው “የባርን ግድግዳ እንኳ አይመታም” ይሉታል። ለኒውክሊየስ ዓለም ይህ ስፋት በእርግጥም የባርን ያህል ነው ብለው ነው የሰየሙት። ጦርነት ላይ ስለነበሩ ስሙ ምስጢር ለመጠበቅም ተመቸ። ሰላይ ቢሰማው የእርሻ ወሬ ይመስለዋል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቅ መለኪያ ነው።

እስካሁን ያለው ቀላል ነው። ሰፊ ነገር ብዙ ጊዜ ይመታል፤ ጠባብ ነገር ጥቂት ጊዜ። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ገባኝ ብሎ ይቆማል። ነገሩ የሚያምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

ቦታው ሮም፣ ጊዜው ኦክቶበር 1934 ነው። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤንሪኮ ፌርሚና ወጣት ባልደረቦቹ የተለያዩ ንጥረ ነገሮችን በኒውትሮን፣ ኒውክሊየስ ውስጥ በሚገኝ ኤሌክትሪክ አልባ ቅንጣት ማለት ነው፣ እየደበደቡ ጨረር እንዲያመነጩ ያደርጉ ነበር። ብር ላይ ሲደርሱ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። ሙከራው በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ሲደረግ ብሩ ብዙ ጨረር ያመነጫል። በእብነ በረድ ጠረጴዛ ላይ ሲደረግ ግን ትንሽ ነው። ብሩ ያው ብር ነው። ኒውትሮኑም ያው ኒውትሮን ነው። ጠረጴዛው ምን አገባው?

ፌርሚ በኒውትሮኑ መንገድ ላይ የእርሳስ ብረት ሊያስቀምጥ አሰበ፤ ከዚያ ሐሳቡን ቀየረና ፓራፊን፣ ሻማ የሚሠራበትን ሰም ዓይነት ማለት ነው፣ አስቀመጠ። የብሩ ጨረር በአንዴ ናረ፤ እስከ መቶ እጥፍ። በዚያው ቀን ምክንያቱን አገኘው። በፓራፊንም በእንጨትም ውስጥ ሃይድሮጅን ሞልቷል። ኒውትሮኑ ክብደቱ ከሚስተካከለው ከሃይድሮጅን ኒውክሊየስ ጋር እየተላተመ ፍጥነቱን ያጣል። ቀርፋፋ ኒውትሮን ደግሞ ከፈጣኑ ይልቅ በቀላሉ ይያዛል። ውኃም ሃይድሮጅን ስላለው፣ ከቤተ ሙከራቸው አጠገብ ባለው የአትክልት ቦታ ኩሬ ውስጥ ሞከሩት። ያው ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡ እፈልጋለሁ። ከበሮው አልተለወጠም። የጠጠሩ ፍጥነት ሲቀንስ ግን ከበሮው ሰፋ። የጠጠርና የከበሮ ምሳሌ ከዚህ በላይ አይሸከመንም። የዒላማ ስፋት የነገሩ መጠን ብቻ አይደለም። በሚመጣውና በሚጠብቀው መካከል ያለ ግንኙነት ነው። አንዱ ለሌላው ምን ያህል ምላሽ ይሰጣል? ስፋቱ የሚለካው ይህንን ነው። ዩራኒየም 235ን ውሰዱ። በሴኮንድ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሄድ ቀርፋፋ ኒውትሮን፣ እሱን ለመሰንጠቅ ያለው የዒላማ ስፋት ወደ 585 ባርን ነው። ከሌላ ስንጠቃ ገና ተስፈንጥሮ ለወጣ ፈጣን ኒውትሮን ግን 1 ባርን ቢሆን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ኒውክሊየሱ አንድ ነው። አብዛኞቹ የኒውክሊየር ማብላያዎች ኒውትሮንን የሚያቀዘቅዝ ውኃ ወይም ግራፋይት የሚያስፈልጋቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ የተማሩበት አንድ ሌሊት አለ። ሴፕቴምበር 1944፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ከኮሎምቢያ ወንዝ ዳር። በሃንፎርድ ቢ ሪአክተር የተባለው ግዙፍ ማብላያ ሥራ ጀመረ። ለቦምብ የሚሆን ፕሉቶኒየም ለማምረት የተሠራ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደህና ነበር። ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ ግን ኃይሉ በራሱ መቀነስ ጀመረ። ሠራተኞቹ ኒውትሮን የሚውጡትን ዘንጎች ወደ ውጭ እየሳቡ የኃይሉን መቀነስ ሊገቱ ሞከሩ። አልሆነም። ማብላያው እስከነጭራሹ ሞተ። ፌርሚም እዚያው ነበር። ውኃ ገብቶ ይሆን? ቧንቧ ተበላሽቶ ይሆን? ምንም የለም። በማግስቱ ማንም ሳይጠግነው ተመልሶ ነፍስ ዘራ። ከዚያ እንደገና ሞተ።

ምስጢሩን የፈታው የፊዚክስ ሊቁ ጆን ዊለር ነው። የሞተበትንና የተነሣበትን ሰዓት ተመለከተ። አንድ መርዝ ይፈጠራል፤ ከዚያ በራሱ ይጠፋል ማለት ነው። ስሌቱ ዜኖን 135 ላይ ጣለው። ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ከሚወጡት ስብርባሪዎች አንዱ ወደ አዮዲን 135 ይለወጣል። አዮዲኑ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ዜኖን ይሆናል። የዜኖኑ ግማሽ በ9 ሰዓት ገደማ ይጠፋል። ማብላያው ሲሞት አዲስ አዮዲን አይፈጠርም፤ ዜኖኑ ቀስ በቀስ ያልቅና ማብላያው ይነሣል።

አሁን ቁጥሩን ስሙ። የዜኖን 135 ኒውክሊየስ ፊት በመጠኑ ቢለካ ከ1 ባርን ብዙም አይበልጥም። ቀርፋፋ ኒውትሮን ለመዋጥ ያለው የዒላማ ስፋት ግን ወደ 2.6 ሚሊዮን ባርን ነው። ወደ ከበሯችን ስንመልሰው፣ 1 ካሬ ሜትር የሆነ ከበሮ ከ2 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ሜዳ ላይ የወደቀውን ጠጠር ሁሉ እየሳበ “ድም” እንደሚል ነው። በጣም ጥቂት ዜኖን ያን ሁሉ ግራፋይትና ዩራኒየም ጸጥ ማሰኘት የቻለው ለዚህ ነው።

ማብላያውን ያዳነው ጥንቃቄ ነው። ፊዚክሱ ይበቃል ያለው 1,500 የነዳጅ ቱቦ ነበር። የዱፖንት ኩባንያ መሐንዲሶች ግን ለማንኛውም ብለው 2,004 አድርገውታል። ትርፎቹ ሲሞሉ ዜኖኑ ተሸነፈ። የሃንፎርድ ፕሉቶኒየም በኦገስት 1945 ናጋሳኪ ላይ በወደቀው ቦምብ ውስጥ ነበር። ስለ ባርን ሲወራ ይህን መዝለል ትክክል አይመስለኝም። ዜኖን ከ41 ዓመት በኋላም ተመልሶ መጥቷል። በኤፕሪል 1986 የቼርኖቤል ማብላያ ኃይሉ እጅግ ወርዶ ዜኖን ሲከማችበት፣ ሠራተኞቹ ያንን ለማካካስ ዘንጎቹን ከሚገባው በላይ አወጡ። ለአደጋው ከዳረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ግን እንዴት ነው ትንሽ ነገር እንዲህ የሚሰፋው? መልሱ ሁለት እጅ አለው። አንደኛው፣ ኒውትሮን ጠጠር አይደለም። በዚህ መጠን ላይ ቅንጣት ሁሉ ሞገድም ነው። ቀርፋፋ ሲሆን ሞገዱ ይረዝማል። የቀርፋፋ ኒውትሮን ሞገድ ከኒውክሊየሱ ወርድ ከ10,000 ጊዜ በላይ ይረዝማል። ስለዚህ ኒውትሮኑ “በዚህ በኩል አለፈ” ብሎ መናገር አይቻልም። አካባቢውን በሙሉ እየዳበሰ ነው የሚያልፈው።

ሁለተኛው ክራር የሚያውቅ ሰው በቶሎ ይገባዋል። ሁለት ክራሮች በአንድ ቅኝት ተቃኝተው ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ የአንዱን ክር ብትመቱ የሌላው ክር ሳይነካ ይንቀጠቀጣል። ቅኝቱ ትንሽ ከተዛነፈ ዝም ይላል። ኒውክሊየስም የራሱ ቅኝት አለው። የሚመጣው ኒውትሮን ጉልበት ከዚያ ቅኝት ጋር ከገጠመ፣ ይዋጣል። ዜኖን 135 ቅኝቱ በማብላያ ውስጥ ከሚርመሰመሱት ቀርፋፋ ኒውትሮኖች ጉልበት ጋር ልክ ገጥሟል። ከበሮው እንዲያ የሰፋው በዚህ ነው። የቅንጣት ፊዚክስ ሰዎች አዲስ ቅንጣት ሲፈልጉ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። የግጭቱን ጉልበት ትንሽ ትንሽ ይጨምራሉ። የዒላማ ስፋቱ አንድ ቦታ ላይ እንደ ተራራ ብድግ ካለ፣ እዚያ ቅኝት አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ያ ቅኝት ለቅጽበት የሚኖር ቅንጣት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። “ድም” ያልነው አንድ ዓይነት ድምፅ ብቻ አይደለም። አንድ ኒውትሮን ዩራኒየም ዘንድ ሲደርስ ሊነጥር ይችላል፣ ሊዋጥ ይችላል፣ ሊሰነጥቀውም ይችላል። ለእያንዳንዱ የየራሱ ክሮስ ሴክሽን አለው። ሁሉም ሲደመሩ ጠቅላላው ይመጣል።

ይህ ነገር ከማብላያና ከቤተ ሙከራ ውጭ የለም ብላችሁ እንዳታስቡ። ራጅ የተነሣ ሰው ሁሉ አይቶታል። አጥንት በራጅ ፎቶ ላይ ነጭ ሆኖ የሚወጣው ካልሲየም ስላለበት ነው። የካልሲየም አቶም የራጅን ጨረር ለመዋጥ ያለው ስፋት በሥጋና በውኃ ውስጥ ካለው ኦክስጅን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሰማዩን ቀና ብላችሁ ስታዩም እዚያ አለ። የአየር ሞለኪውል ሰማያዊ ብርሃንን የሚበትንበት ስፋት ቀዩን ከሚበትንበት ወደ 6 እጥፍ ይሰፋል። ሰማዩ ሰማያዊ የሆነው በዚህ ልዩነት ነው።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው ግን የኒውትሪኖ ታሪክ ነው። ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1930 እንዲህ ያለ ቅንጣት መኖር አለበት አለ። አንዳንድ ኒውክሊየሶች ሲፈርሱ ጉልበት ይጎድል ነበር። የጎደለውን ይዞ የሚጠፋ የማይታይ ነገር መኖር ነበረበት። በ1934 ሃንስ ቤተና ሩዶልፍ ፓየርልስ የዚህን ቅንጣት የዒላማ ስፋት ገመቱ። ከነጥብ በኋላ ከ40 በላይ ዜሮ የሚደረደርበት ካሬ ሴንቲ ሜትር ወጣ። ኒውትሪኖን እርሳስ ውስጥ ብትለቁት፣ አንድ ጊዜ ከመጋጨቱ በፊት በአማካይ በብርሃን ዓመት የሚቆጠር ርቀት ይጓዛል። ብርሃን በዓመታት የሚጓዘውን ያህል ውፍረት ያለው እርሳስ አስቡ። ሁለቱ ሊቃውንት ይህን ቅንጣት የማየት ተግባራዊ መንገድ የለም ብለው ደመደሙ።

ስሌታቸው ልክ ነበር። ግን “ድም” የሚቆጠረው በዒላማው ስፋት ብቻ አይደለም። ሦስት ነገሮች ይባዛሉ። በየሴኮንዱ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ስንት ጠጠር ይመጣል? ስንት ከበሮ ተሰቅሏል? እያንዳንዱ ከበሮ ምን ያህል ይሰፋል? ሦስተኛው እጅግ ጠባብ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት እጅግ ማብዛት ነው።

ፍሬድሪክ ራይንስና ክላይድ ካወን ያደረጉት ይህንን ነው። ሳውዝ ካሮላይና በሚገኘው የሳቫና ሪቨር ማብላያ አጠገብ፣ ከመሬት በታች መሣሪያቸውን ተከሉ። ከማብላያው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር በሴኮንድ 10 ትሪሊዮን ገደማ ኒውትሪኖ ይወጣል። ለከበሮ ደግሞ 200 ሊትር ያህል ውኃ አቀረቡ። በዚያ ውኃ ውስጥ ያሉት የሃይድሮጅን ኒውክሊየሶች ቁጥራቸው 13 ተጽፎ ከኋላው 27 ዜሮ ይከተላል። ከዒላማው ስፋት ጋር አባዙት። በሰዓት የሚወጣው ጥቂት አስር ግጭት ነው። መሣሪያው ደግሞ ሁሉንም አይዝም። የያዘው በሰዓት 3 ያህል ነበር።

በሰዓት 3 “ድም” ከሌላው ጫጫታ እንዴት ይለያል? እዚህ ላይ የሠሩት ነገር ሁሌም ያስደንቀኛል። ኒውትሪኖው የሃይድሮጅን ኒውክሊየስን ሲመታ ሁለት ቅንጣት ይወጣል፤ ፖዚትሮን (የኤሌክትሮን ተቃራኒ) እና ኒውትሮን። ፖዚትሮኑ ወዲያው በብርሃን ብልጭታ ይጠፋል። ኒውትሮኑ ግን ትንሽ ይንከራተታል። ውኃው ውስጥ የካድሚየም ጨው አሟሙተው ነበር። ካድሚየም ቀርፋፋ ኒውትሮንን ለመዋጥ በሺህ የሚቆጠር ባርን ስፋት አለው። ኒውትሮኑን ይውጥና ሁለተኛ ብልጭታ ይሰጣል። ስለዚህ ምልክቱ ነጠላ “ድም” ሳይሆን “ድም... ድም” ነው፤ በመካከላቸው ጥቂት የሚሊዮንኛ ሴኮንዶች አሉ። በዓለም ላይ እጅግ ጠባቡን ከበሮ ለመስማት በጣም ሰፊ የሆነውን አጠገቡ ሰቀሉ። በጁን 1956 ለፓውሊ ቴሌግራም ላኩለት፤ ኒውትሪኖ ተገኝቷል። ራይንስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በ1995 ነው። ካወን በ1974 አርፎ ስለነበር አብሮት አልቆመም።

በዛሬዎቹ ግዙፍ ማፋጠኛዎች ስሌቱ ያው ነው፤ ከበሮና ጠጠር ግን አንድ ዓይነት ሆነዋል። ጄኔቫ አጠገብ፣ 27 ኪሎ ሜትር በሚዞረው የሰርን፣ የአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል፣ ዋሻ ውስጥ ፕሮቶን (የሃይድሮጅን ኒውክሊየስ) ከፕሮቶን ይጋጫል። አንዱን ፕሮቶን ሌላው እንዲሰባብረው ያለው የዒላማ ስፋት ወደ 80 ሚሊ ባርን ነው፤ ሚሊ ማለት የሺህ አንድ እጅ ነው። ሂግስ ቦሶን የተባለው ብርቅዬ ቅንጣት እንዲፈጠር ያለው ስፋት ግን ወደ 55 ፒኮ ባርን ብቻ ነው፤ ፒኮ ማለት የትሪሊዮን አንድ እጅ ነው። አንዱን ለሌላው አካፍሉት። አንድ ሂግስ ለማግኘት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ግጭት ያስፈልጋል። ስለዚህ በሴኮንድ መቶ ሚሊዮኖች ግጭት ይደረጋል። የሰርን ሰዎች የዓመት ሥራቸውን የሚለኩት እንኳ ከባርን በተገኘ መለኪያ ነው። “ይህን ያህል ኢንቨርስ ፌምቶ ባርን ሰበሰብን” ይላሉ። ምን ያህል ጠጠር እንደተወረወረ መናገራቸው ነው። ከ2015 እስከ 2018 አንዱ መመርመሪያ ብቻ 140 ገደማ ኢንቨርስ ፌምቶ ባርን ሰብስቧል፤ ፌምቶ ከፒኮ ሺህ ጊዜ ያንሳል። ያንን በሂግስ ስፋት ብታባዙት ከ7 ሚሊዮን በላይ ሂግስ እዚያ ውስጥ ተፈጥሯል። አብዛኛው ከሌላው ፍርስራሽ ስለማይለይ አይታወቅም።

በመጨረሻ፣ ጠጠሩ ሁሉ ተወርውሮ አንድም “ድም” ባይሰማስ? ሥራው ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም። ወደ ጨለማው ግድግዳ እንመለስ። 1,000 ጠጠር ወርውራችሁ ምንም አልሰማችሁም እንበል። ከበሮው 0.3 ካሬ ሜትር ቢያህል ኖሮ በአማካይ 3 ጊዜ ትሰሙ ነበር። ሦስት እየጠበቁ አንድም ያለመስማት ዕድል ከ20 አንድ ገደማ ነው። ስለዚህ “ከበሮ ካለ ከዚህ ያንሳል” ብላችሁ በድፍረት ትጽፋላችሁ። ዝምታውም ቁጥር አለው።

ደቡብ ዳኮታ ውስጥ፣ ድሮ ወርቅ ይወጣበት በነበረ ጉድጓድ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ከመሬት በታች እንዲህ ያለ ዝምታ ይለካል። ላክስ ዜፕሊን የተባለው ሙከራ ጨለማ ቁስ የተባለውን የማይታይ የዩኒቨርስ ክብደት ይፈልጋል። ለከበሮ የሰቀሉት 10 ቶን ፈሳሽ ዜኖን ነው። ንጥረ ነገሩ ያው የሃንፎርዱ ዜኖን ነው፤ አሁን ግን ጸጥ ያለውና የማይፈርሰው ዓይነት። በ2024 ይፋ ባደረጉት ውጤት አንድም የጨለማ ቁስ “ድም” አልሰሙም። ቁጥሩን ግን ጻፉ። ይህ ቅንጣት ካለ፣ እነሱ በጣም ጥሩ አድርገው በሚሰሙት ክብደት ላይ፣ የዒላማ ስፋቱ ከነጥብ በኋላ 47 ዜሮ ተደርድሮ 22 ከሚመጣበት ካሬ ሴንቲ ሜትር ያንሳል። ከባርን ትሪሊዮን ጊዜ ትሪሊዮን ለሚያንስ ስፋትም ስም አለው፤ ሼድ ይባላል። ላክስ ዜፕሊኖች 2 ሼድ ገደማ ላይ ደርሰዋል። ጠጠሩም ከሰማይ መዝነቡን አላቆመም።